የአውሮፕላን ጆይስቲክ በኮምፒውተር ላይ፦ ከድሬና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው ባለ እጀታ የአውሮፕላን ጆይስቲክ ነው፣ ስለ ፕሌይስቴሽኑ አይደለም፤ ከቀላሉ ጥያቄ ልጀምር።

ጆይስቲክ ለመጠቀም የግድ ድራይቨር መጫን አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ የለባችሁም። የዩኤስቢ ጆይስቲክ እንደ ኪቦርድና ማውስ ነው። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 መሠረታዊውን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ይዞት ነው የሚመጣው። ትሰኩታላችሁ፣ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ በቃ። ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ ምንም ሳትጭኑለት 12ቱም ቁልፎቹ፣ ትሮትሉ (የሞተሩን ኃይል የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማንሻ) እና የእጀታው ማዞሪያ ይሠራሉ።

የአምራቹ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ከዚህ አልፋችሁ ስትሄዱ ነው። ለምሳሌ ኤክስ52 የሚባለው ጆይስቲክ ትሮትሉ ላይ ትንሽ ስክሪን አለችው፤ እሷን ለማሠራት የራሱን ሶፍትዌር ይፈልጋል። ትረስትማስተር ደግሞ ታርጌት የሚባል ፕሮግራም አለው፤ አንዱን ቁልፍ ብዙ ሥራ ለማሸከም ይጠቅማል። ለጀማሪ ሁለቱም አያስቸኩሉም።

ይህን በደንብ ያዙልኝ፦ «ጆይስቲኬ አልሠራ አለ» ብሎ ከሚመጣ ሰው የአብዛኛው ችግር ድራይቨር አይደለም። ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ጨዋታው ውስጥ ያለው ሴቲንግ ነው። ስለዚህ ድራይቨር ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ቀጣዩን መልስ ሞክሩ።

ኮምፒውተሬ ጆይስቲኩን እንዳየው በምን አውቃለሁ?

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አር የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ። በምትከፈተው ጠባብ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ጄ፣ ኦ፣ ዋይ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ሲ፣ ፒ፣ ኤል ብላችሁ ያለ ክፍተት አያይዛችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። «ጌም ኮንትሮለርስ» የሚል መስኮት ይከፈታል። የጆይስቲካችሁ ስም እዚያ ካለ ዊንዶውስ አይቶታል ማለት ነው። «ፕሮፐርቲስ» ስትሉ መሞከሪያው ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የመስቀል ምልክት እጀታውን ተከትላ ትሄዳለች። ቁልፍ ስትጫኑ ቁጥሩ ቀይ ይበራል። ትሮትሉ በአሞሌ ይታያል።

ስሙ ከሌለ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ። በሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ብዙ በሚያደርገው ማከፋፈያ) በኩል ከሰካችሁት ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። አሁንም ካልታየ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱና ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ነገር ፈልጉ። ካገኛችሁ በቀኝ ክሊክ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉት፣ ጆይስቲኩን ነቅላችሁ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ እንደገና ሰኩት። ይህም ካልሆነ የጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት። እዚያም ካልታየ ኮምፒውተራችሁ ንጹሕ ነው፤ የተበላሸው ጆይስቲኩ ወይም ገመዱ ነው።

ያገለገለ ጆይስቲክ ድሬ ታይዋን ገበያ አገኘሁ። ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

ላፕቶፕ ሳትይዙ አትሂዱ። ታይዋን ገበያ ላይ ዕቃው አዲስ ይመስላል፤ አቧራው ተወልውሏል፣ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ይህ ስለ ውስጡ ምንም አይነግራችሁም። ሻጩ ይከፋል ብላችሁም አትሳቀቁ፤ ሰክቶ ማየት እዚያ የተለመደ ነው።

ከላይ ያልኩትን መሞከሪያ ክፈቱ። መጀመሪያ እጃችሁን አንሱና የመስቀል ምልክቷን ብቻ ተመልከቱ። መሃል ላይ ዝም ካለች ጥሩ ነው። ማንም ሳይነካት የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ዋጋ መቀነሻ አገኛችሁ። ቀጥሎ እጀታውን በጣም በዝግታ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ውሰዱት። ምልክቷ አብራ መንሸራተት አለባት፣ መዝለል የለባትም። ከዚያ የእጀታውን ማዞሪያ ሞክሩ፤ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። ግራ አዙራችሁ ስትለቁት አሞሌው ወደ መሃል መመለስ አለበት። በመጨረሻ ገመዱን እጀታው ሥር ከሚገባበት ቦታ ላይ ወዲያ ወዲህ አጠፍ አጠፍ አድርጉት። ኮምፒውተሩ የመነቀልና የመሰካት ድምፅ ካሰማ ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል።

አዲስ የመግዛት አቅም ካላችሁ ትረስትማስተር ቲ16000ኤም ይሻላል ባይ ነኝ። የእጀታው ዋና ሴንሰር በማግኔት ነው የሚሠራው። እርስ በርሱ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው ለድሬ አቧራ ይመቻል። ማዞሪያው ግን እሱም ላይ የተለመደው ዓይነት ነው። አቅሙ ካልፈቀደ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ሶፍትዌሩን ከየት ላውርድ? የቤቴ ኢንተርኔት ደካማ ነው።

ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትንኩ። ብዙዎቹ ማስታወቂያ ይጭናሉ፣ አንዳንዶቹ ከዚያ የባሰ ነገር ይዘው ይገባሉ። ከሰው በፍላሽ የመጣ ድራይቨርም ያው ነው፤ ከየት እንደወረደ ካላወቃችሁ ተዉት።

ፓኬጃችሁ ትንሽ ከሆነ ፈጣን መስመር ያለው ጓደኛ ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት አውርዳችሁ በራሳችሁ ፍላሽ አምጡት። ቤት ስትደርሱ ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት በአንቲቫይረስ ፈትሹ። የብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ቫይረስ አያጣውም።

ካሊብሬሽን ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

መሃሉ የት እንደሆነ፣ ጫፎቹም የት እንደሆኑ ለኮምፒውተሩ ማሳየት ነው። በዚያው መስኮት ውስጥ «ሴቲንግስ» የሚለው ላይ «ካሊብሬት» አለ። የሚላችሁን ተከተሉ፦ እጀታውን ልቀቁት፣ ዙሪያውን አሽከርክሩት፣ ትሮትሉን ከታች እስከ ላይ ውሰዱት። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ግን በኃይል አትጫኑት። ኮምፒውተሩ ያንን ጉልበት የጫፍ ልክ አድርጎ ከመዘገበው ወደፊት ያለ ጉልበት ጫፍ አትደርሱም።

አምራቹ የራሱ ማስተካከያ ፕሮግራም ካለው የዊንዶውሱን ትታችሁ በሱ ተጠቀሙ። ካሊብሬት አድርጋችሁ ከበፊቱ ከባሰ ደግሞ አጠገቡ ያለው «ሪሴት ቱ ዲፎልት» ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። አንድ ልማድ ይኑራችሁ፦ ጆይስቲኩን ስትሰኩ እጃችሁን እጀታው ላይ አታሳርፉ። ብዙዎቹ የትረስትማስተር ዕቃዎች መሃላቸውን የሚለዩት በዚያች ቅጽበት ነው።

በየትኛው ጨዋታ ልጀምር? ዳታ እንዳይጨርስብኝ።

ፍላይትጊር። ነጻ ነው፣ ማውረጃው 2 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ መካከለኛ ላፕቶፕም ይችለዋል። ብዙ ጆይስቲኮችን ስማቸውን አይቶ ራሱ ያስተካክላል። የምድሩ ገጽታ በ10 ዲግሪ ተከፋፍሎ ስለሚወርድ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ መውሰድ ትችላላችሁ። ድሬዳዋና ሐረር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ቦሌ በምዕራብ በኩል ያለው ጎረቤት ክፍል ላይ ነው።

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ውብ ነው፤ ነገር ግን የ2020ው 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። የ2024ቱ 50 ቢበቃውም በምትበሩበት ጊዜ ሁሉ ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚሄደው። በሞባይል ዳታ አይሞከርም። ተዋጊ ጄት ለሚወዱ ዲሲኤስ ወርልድ በነጻ ይወርዳል፣ ሱ-25ቲ የሚባለው አውሮፕላን አብሮት ይመጣል። ግን ከባድ ነው፤ ኮምፒውተሩንም ይጠይቃል፣ ሰውየውንም።

ጨዋታው ውስጥ የትኛውን ለየትኛው ልመድበው?

አራት ነገሮች ይበቃሉ። እጀታውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ አፍንጫው ይነሣ። ወደ ግራና ቀኝ ስትገፉት ክንፉ ይዘንብል። እጀታውን ስታዞሩ የጅራቱ መሪ፣ ማለትም ራደሩ፣ ይሥራ። ትሮትሉን ወደ ፊት ስትገፉት ሞተሩ ይጨምር። አንዱ ተገላቢጦሽ ከሆነ «ሪቨርስ» ወይም «ኢንቨርት» የሚል ምልክት አጠገቡ አለ። ሎጂቴክ ላይ ትሮትሉ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይመጣል፤ አትደንግጡ።

አውራ ጣት የምትደርስባትን ትንሿን ባርኔጣ መሰል ቁልፍ ዙሪያችሁን ለማየት ተዉላት። ጠቋሚ ጣት ላይ ያለውን ለፍሬን፣ ሌሎቹን ለጎማና ለፍላፕ (ክንፉ ጀርባ ላይ ወደ ታች ለሚከፈተው ሰሌዳ)። ከዚህ በላይ መጀመሪያ ቀን አትመድቡ። መርሳት ይመጣል።

እጀታውን ትንሽ ስነካው አውሮፕላኑ ይዘላል። ምን ላድርግ?

ሴንሲቲቪቲ ከርቩን አለዝቡት። ጨዋታው ውስጥ ከእያንዳንዱ አክሲስ (እንደ እጀታው፣ ማዞሪያውና ትሮትሉ ያለ የእንቅስቃሴ መስመር) አጠገብ ቀጥ ያለ መስመር የተሣለበት ትንሽ ግራፍ አለ። ያንን መስመር መሃሉ ላይ ጎበጥ አድርጉት፤ ጫፎቹን ግን አትንኩ። ውጤቱ መሃል አካባቢ እጃችሁ ብዙ ሲንቀሳቀስ አውሮፕላኑ ጥቂት ይመልሳል፣ ጫፍ ላይ ግን ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። ለማረፍ ስትጠጉ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ዴድዞን ሌላ ነገር ነው። መሃል ላይ ጆይስቲኩ ምንም እንዳልተነካ የሚቆጠርበት ጠባብ ቦታ ነው። ሰው ሁለቱን እያምታታ ዴድዞኑን 20 በመቶ ያደርሰዋል። ከዚያ እጀታውን ሲገፋ፣ ሲገፋ ምንም የለም፣ ድንገት አውሮፕላኑ ይወረወራል። ለእጀታው ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ለማዞሪያው እስከ 10 ይበቃል። ለትሮትሉ ዜሮ።

ማንም ሳይነካው እጀታው ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል።

ይህ የኛ ከተማ በሽታ ነው። በርካሽ ጆይስቲኮች ውስጥ ፖቴንሺዮሜትር የሚባል ትንሽ ክብ ዕቃ አለ። ውስጡ በካርቦን መስመር ላይ የምትሄድ ቀጭን ብረት አለች። ብረቷ ያለችበትን ቦታ ኮምፒውተሩ እንደ እጀታው ቦታ አድርጎ ያነበዋል። መስመሩ ላይ አቧራ ሲቀመጥ ወይም ካርቦኑ ሲበላ ንባቡ ይዘላል። ድሬ ደግሞ መስኮት ተከፍቶ፣ ቬንቲሌተር ቀኑን ሙሉ እየዞረ ነው የሚዋለው። ቬንቲሌተሩ አቧራውን ወዴት እንደሚያደርሰው አስቡት።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ማዞሪያውን ከጫፍ ጫፍ ደጋግማችሁ ፈጠን አድርጋችሁ አዙሩት። ቀላል አቧራ ከሆነ ብረቷ ራሷ ትጠርገዋለች። ካልሆነ ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈታችሁ ፖቴንሺዮሜትሩን አግኙት። ስትከፍቱ ቀስ በሉ፤ ስፕሪንጉ ይፈናጠራል፣ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎችም በቀላሉ ይበጠሳሉ። ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ፖቴንሺዮሜትሩ ጎን ላይ ባለችው ክፍተት ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ኮንታክት ክሊነር ትንሽ ንፉበት፣ ደጋግማችሁ አዙሩት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁና ግጠሙት። ሞባይል ጥገና ቤት ያለውን ቲነር ግን አደራ እንዳትነኩት። ፕላስቲኩን ይበላል። ቤንዚንም እንደዚያው።

ካርቦኑ ከተበላ ክሊነር አያድነውም። የቴሌቪዥንና የቴፕ ጠጋኞች ተመሳሳይ መጠን ያለው ፖቴንሺዮሜትር ሊኖራቸው ይችላል፤ የድሮውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያው ማዞሪያውን ጨዋታው ውስጥ ሰርዛችሁ ራደሩን በኪቦርድ ተጠቀሙ። ስትጨርሱ ሁልጊዜ ጨርቅ አልብሱት። ይህቺ ብቻ ዕድሜውን ታራዝመዋለች።

እየበረርኩ ጆይስቲኩ ይጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።

ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ዩኤስቢውን ያጠፋዋል። ላፕቶፕ ላይ በተለይ መብራት ሄዶ በባትሪ ስትሠሩ ይብሳል። «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ከፍ ያለውን ማስተካከያ ክፈቱ፣ «ዩኤስቢ ሴቲንግስ» ሥር «ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን ለባትሪም ለመብራትም አጥፉት። በተጨማሪ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» የሚሉትን አንድ በአንድ ከፍታችሁ «ፓወር ማኔጅመንት» ላይ ያለችውን ምልክት አንሱ።

ያለ ራሱ ቻርጀር የሚሠራ ሃብ ላይ ጆይስቲክ፣ ማውስና ስልክ ከተሰካ ኃይሉ አይበቃም። ስልኩን ንቀሉት።

ምንም ሳልነካ ሞተሩ ይቀንሳል ወይም አውሮፕላኑ ይሽከረከራል። መሞከሪያው ላይ ግን ጆይስቲኩ ጤነኛ ነው።

ሁለት ዕቃዎች አንድ ሥራ ይዘዋል። ጨዋታዎቹ የተሰካውን ሁሉ አይተው በራሳቸው ይመድባሉ። የፕሌይስቴሽን ወይም የኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ አጠገባችሁ ተሰክቶ ከሆነ ትሮትሉን እሱም ይዞታል፤ ሁለቱ ይሻማሉ። ንቀሉት፤ ወይም ጨዋታው ውስጥ የሱን ምደባ በሙሉ አጽዱ። ኪቦርዱን አትርሱ፣ ማውሱንም ተመልከቱ።

ጨዋታውን ስቲም ከሚባለው የጨዋታ መሸጫ ፕሮግራም ከገዛችሁት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ። ስቲም ራሱ መሃል ገብቶ ጆይስቲኩን እንደ ኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ ሊያቀርበው ይችላል። ጨዋታው ላይ በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ኮንትሮለር»፣ ከዚያ «ዲሴብል ስቲም ኢንፑት» በሉት።

ሌላ ቀዳዳ ላይ ስሰካው ያስተካከልኩት ሁሉ ጠፋ።

አንዳንድ ጨዋታዎች፣ በተለይ ዲሲኤስ፣ ቀዳዳው ሲቀየር አዲስ ዕቃ የመጣ ሊመስላቸው ይችላል። ወደ ድሮው ቀዳዳ መልሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቲንጉ አብሮ ይመለሳል። ከዛሬ ጀምሮ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ሴቲንጉንም ሴቭ አድርጋችሁ ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

አጎቴ የድሮ ጆይስቲክ ሰጠኝ። ሶኬቱ ሰፊ ነው፣ 15 ፒን አለው።

ጌምፖርት ይባላል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ድጋፉን አንሥቷል። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አስማሚ አለ፣ ግን ከሁሉም ጋር አይስማማም። ገንዘባችሁን ለአዲስ አስቀምጡ።

ሁሉንም አስተካክያለሁ፤ ከድሬ ስነሣ ግን ሴስናዬ (ባለ አንድ ሞተር ትንሿ አውሮፕላን) ይደክማል፣ መንደርደሪያው ሊያልቅ ሲል ነው የሚነሣው። ጆይስቲኩ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጣሩ። ትሮትሉን እስከ መጨረሻው ግፉና ኮክፒቱ ውስጥ ያለውን ትሮትል ተመልከቱ። አብሮ ጫፍ ካልደረሰ ካሊብሬሽኑ ወይም ዴድዞኑ ነው፤ ተመልሳችሁ አስተካክሉ። ከደረሰ ጆይስቲኩ ነጻ ነው። የምታዩት እውነተኛው የድሬ አየር ነው።

የኛ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ 3,800 ጫማ ገደማ ላይ ነው ያለው። ሲሙሌተር ላይ የምትፈልጉት ኤች፣ ኤ፣ ዲ፣ አር በሚሉት አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። ከፍታው ራሱ አየሩን ያሳሳዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይጨምርበታል። ግንቦት ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ሲሆን ለአውሮፕላኑ 7,000 ጫማ ላይ እንዳለ ያህል ነው። ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል።

መፍትሔው ሚክስቸር የሚባለው ቀይ ማንሻ ነው። ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር የነዳጁን መጠን የሚወስን ነው። ሴስና 172 ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ሲነሣ ሙሉ ትሮትል ሰጥቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ሚክስቸሩን ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ነው። የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ከፍተኛው ላይ መልሱትና ፍሬኑን ልቀቁ። ማይክሮሶፍቱ ላይ አውቶማቲክ ሚክስቸር በርቶ ከሆነ ይህንን ራሱ ይሠራዋል፣ ማጥፋትም ይቻላል።

ስለዚህ አንድ ትርፍ አክሲስ ካላችሁ ለሚክስቸር ስጡት። ከሌላችሁ ሁለት ቁልፍ መድቡ፣ አንዱ ለመጨመር፣ አንዱ ለመቀነስ። ከተነሣችሁ በኋላ ወደ ሐረር ከሆነ የምትሄዱት ወዲያው ከድሬ በስተደቡብ ወዳለው ወደ ደንገጎ ተራራ አትዙሩ። ተራራው ከፍ የሚለውን ያህል ሴስናው ቶሎ አይወጣም። መጀመሪያ በሰሜን በኩል ሜዳው ላይ እየዞራችሁ 8,000 ጫማ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ተመለሱ።